ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ መንገደኛ

ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ፓስፖርቱን፥ ልብሱንና ገንዘቡን አስቀድሞ ያዘጋጃል። አስተዋይ የሆነ እንደ ሆነም በሚሄድበት አገር ምን በሽታ እንዳለ ይጠይቃል። ነገር ግን ከገዛ ከተማው በደሙ ውስጥ ይዞት የሚሄድ በሽታ ሊኖር እንደሚችል የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም በዚህ ወር ጽሑፋችን የአዳማ፥ የሞጆ፥ የወንጂ፥ የመተሐራ፥ የመቂና የባቱ ነዋሪ ከመንገዱ በፊት ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር እንገልጻለን።

እነዚህ ከተሞች ሁሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሚገኙ ወባ ይደርስባቸዋል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተሠርቶ ውሃው ከተኛ ወዲህም በሐይቁ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ርቆ ከሚኖረው ይልቅ በወባ እንደሚያዝ በጥናት ታውቋል። በሽታው ጠፍቷል የሚል ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የወባ በሽተኛ መመዝገቡን ይመልከት።

ወባ በአገራችን የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ለትምህርት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ወጣቶች የሚነሡትም በነሐሴና በመስከረም ነው። በመሰናበቻው ሰሞን በትንኝ የተነደፈ ተማሪ፥ ትኩሳቱ የሚጀምረው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ በባዕድ አገር ነው። በዚያ ብርድ አገር ያለው ሐኪም በዕድሜው ሙሉ የወባ በሽተኛ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ ትኩሳቱንና ራስ ምታቱን አይቶ ጉንፋን ነው ብሎ ቢያሰናብተው አያስደንቅም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ሳይታከም ከቀረ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ትኩሳት ሲሰማ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል፥ «ወባ ካለበት አገር፥ በዚህ ቀን መጥቻለሁ፤ ደሜ ለወባ ይመርመር» የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ተመርምሮ ባይገኝ እንኳ ትኩሳቱ ካልተወ ምርመራው ይደገም ማለት ይገባል። የተወለደበትን ከተማ፥ ከአገር የወጣበትን ቀንና ቀድሞ የታመመውን በሽታ በእንግሊዝኛ በአንዲት ወረቀት ጽፎ በፓስፖርቱ ውስጥ ቢያኖር፥ መናገር በማይችልበት ሰዓት ወረቀቲቱ ትናገርለታለች። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢጽፉላቸው የሚወስድባቸው ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። አንዳንዱ መንገደኛ ግን በሽተኛ ተብሎ የሚባረር እየመሰለው የመጣበትን ይደብቃል። ወባ በትንፋሽ ወይም በመጨባበጥ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ስለሆነ፥ ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው።

ቫይቫክስ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከብዙ ወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ከጉበት የሚያጠፋው መድኃኒት ለአንዳንድ ሰው ደም የማይስማማ በመሆኑ፥ ያለ ምርመራና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። በወንጂ ቦዮች ወይም በዝዋይ ሐይቅ ውሃ ውስጥ ይገባ የነበረ ሰውም ስለ ቢልሃርዝያ ይንገር፤ ይህም በሽታ ለዓመታት ተሰውሮ ይቆያል። (የሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሳቸው የቡና መልክ የያዘ ልጆች በውጭ አገር የጥርስ ሐኪም ፊት ሊያፍሩ አይገባም፤ የቆሻሻ ምልክት አይደለምና።)

ስለ ጅቡቲ መንገደኞች ለብቻው መናገር ያሻል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ተነሥተው በአዳማና በአዋሽ በኩል የሚወርዱት የጭነት መኪና ነጂዎች ጅቡቲን ወባ እምብዛም የሌለበት ከተማ አድርገው ያስቡ ነበር፤ በእውነትም እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ አገር የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበረ። በዚያው ዓመት ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፥ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የበሽተኛው ቁጥር ከ73,000 በለጠ። ይህች ትንኝ በከተማ መካከል በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ታይታ፥ ከዚያም በአዋሽ ሰባት ኪሎ ተገኝታለች። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ወይም በደጅ የሚያድር ነጂ አጎበርና ትንኝ የሚያባርር ቅባት ከስንቁ ጋር ይያዝ።

ክትባትንም በሚመለከት፥ ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች ጋር ስለምትቆጠር ብዙ መንግሥታት ከእኛ የሚሄደውን ሰው ቢጫውን ካርድ ይጠይቁታል። ምክንያቱም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ አካባቢ በተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 30,000 የሚያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፥ በመሳፈሪያው ዋዜማ ለመከተብ የሚሮጥ ሰው ገንዘቡንም መንገዱንም ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሐጅ የሚሄዱትም የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መውሰድ ግዴታቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በመካ ከሐጅ ጋር የተነሣው የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተጓዦቹን ተከትሎ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛምቷል።

በመጨረሻ፥ በውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖረው ለበዓል ወደ አዳማ የሚመጡ ዘመዶቻችን አሉ። ቀድሞ በተደጋጋሚ በመታመም ያገኙት የመቋቋም ኃይል በዓመታት ውስጥ ይደክማል፤ በዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ከቶ የላቸውም። ስለዚህ ሳይነሡ ሐኪማቸውን አማክረው የወባ መከላከያ ኪኒን እንዲጀምሩ በደብዳቤም በስልክም ይነገራቸው። ኪኒኑም እንደ ዓይነቱ ወደ መኖሪያቸው ከተመለሱ በኋላ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ድረስ ሳይቋረጥ ይወሰዳል።