ከበረንዳ ወደ ዝግ ክፍል፦ የጡረተኞች ማኅበራዊ ሕይወት በደቡባዊ አሜሪካ የበጋ ሙቀት

በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ከሰኔ እስከ ነሐሴ የሚዘልቀው ሙቀትና ወበቅ የጡረተኞችን የዕለት ተዕለት ግንኙነት ይወስናል። የአየር ማቀዝቀዣ ከመስፋፋቱ በፊት አረጋውያን አመሻሹን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላምታና ጨዋታ ይለዋወጡ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ሬይመንድ አርሰኖልት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ መሣሪያው ኑሮን ቢያቀልም ሰውን ወደ ዝግ ክፍል አስገብቶ ጉርብትናን አላልቷል።

ጉዳዩ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የማላብ አቅምና የውኃ ጥም ስሜት ስለሚቀንሱ አረጋውያን አደጋውን በጊዜ ላያስተውሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጠያቂ ያስፈልጋቸዋል። ከደቡቡ ውጭ በምትገኘው ቺካጎ እ.ኤ.አ. በ1995 ከ700 በላይ ሰዎች በሙቀት ማዕበል ሞተዋል፤ የሶሲዮሎጂ ባለሙያው ኤሪክ ክላይነንበርግም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ይበልጥ መጎዳታቸውን አሳይተዋል።

የሥራ ባልደረቦቹን በጡረታ ለተለየ ሰው የማለዳ የእግር ጉዞ፣ የቤተ መጻሕፍት ቆይታና የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የበረንዳውን ቦታ በከፊል ይተካሉ። በመሆኑም የሙቀት መከላከያ ዕቅድ የአየር ማቀዝቀዣ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ የአረጋውያንን በር የሚያንኳኳ ሰው መኖሩንም ማረጋገጥ ይገባዋል።