ካቶሊኮስ ቫዝገን ቀዳማዊ፦ በመከራ ዘመን አደራን መጠበቅ



አርመኖች ለእኛ እንግዳ ሕዝብ አይደሉም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 15 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የአርማንያውን የቅዱስ ጎርጎርዮስን ታሪክ እንሰማለን፤ ስለ እምነቱ በጉድጓድ ተጥሎ የኖረው፣ በኋላም ያሠቃየውን ንጉሥ ድርጣድስን ያጠመቀው አባት እርሱ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን «አርባ ልጆች» የማያውቅ የአዲስ አበባ ሽማግሌ የለም። ሆኖም በእኛው ዘመን ያንን መንበር ስለ ጠበቁት አባቶች የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፍ የካቶሊኮስ ቫዝገን ቀዳማዊን ሕይወትና ሥራ በአጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጠ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከመምህርነት ወደ ክህነት

ቫዝገን ቀዳማዊ የተወለዱት መስከረም 20 ቀን 1908 በሮማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ነው። የቀድሞ ስማቸው ሌቮን ባልጂያን ይባል ነበር። አባታቸው ጫማ ሠሪ፣ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። በቡካሬስት ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍና ፍልስፍና አጥንተው በአርመን ትምህርት ቤት ልጆችን አስተማሩ፤ መጽሔትም ያዘጋጁ ነበር። ወደ ክህነት የመጡት ዘግይተው ነው። በአቴና ነገረ መለኮት ተምረው በ1943 መዓርገ ክህነት ተቀበሉ፤ የሮማንያ አርመኖችን ሀገረ ስብከት መሩ፤ በ1951 ጳጳስ ሆኑ። በ1955 ዕድሜያቸው 47 ሲሆን የመላው አርመን ካቶሊኮስ ሆነው ተመረጡ።

እንግዲህ መጽሐፍ ስናገላብጥ የምናድር ተማሪዎች ይህን ልብ ልንል ይገባናል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ከቤተ ክርስቲያን አላራቃቸውም፤ በኋላ ለሚጠብቃቸው አገልግሎት ስንቅ ሆናቸው እንጂ።

፪. የተረከቡት ቤት

የመንበሩ ስፍራ ኤችሚያድዚን ይባላል፤ ትርጓሜውም «አንድያ ልጅ የወረደበት» ማለት ነው። በ1955 ግን ስሙ እንጂ ክብሩ አልቀረም ነበር። በ1915 በኦቶማን መንግሥት በደረሰው የዘር ማጥፋት አብዛኛው ሕዝብ አልቋል፤ የተረፈውም በዓለም ተበትኗል። የቀረችው ትንሽ አገር በሶቪየት አገዛዝ ሥር ወደቀች። በ1938 ካቶሊኮስ ኮሬን ሙራድቤክያን ተገደሉ፤ መንበሩም እስከ 1945 ያለ አባት ቆየ። በአርመን ምድር ክፍት የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወጣቱ እግዚአብሔር የለም የሚለውን ትምህርት እየተማረ ያድግ ነበር።

አዲሱ ካቶሊኮስ በዚህ ቤት ውስጥ ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ሥራቸውን የጀመሩት ከድንጋዩ ነው። በውጭ ከሚኖሩ አርመኖች በተገኘ ርዳታ ጥንታዊውን ካቴድራል አሳደሱ። ካህናትን አሠለጠኑ፤ ጳጳሳትን ሾሙ። በ1965 የ1915ቱን ሰማዕታት የሚዘክር ሐውልት በመንበሩ ቅጥር አቆሙ፤ በ1982 ንዋያተ ቅድሳቱና የብራና መጻሕፍቱ የሚጠበቁበት ሙዚየም ተከፈተ። ቅዱስ ሜሮንንም ባርከው ለተበተነው ሕዝብ ላኩ። በአርመኖች ሥርዓት አዲሱ ሜሮን ሲዘጋጅ ከአሮጌው የተረፈው ይጨመርበታል፤ እንዲህም እየሆነ ካለፈው ትውልድ ጋር ሳይቋረጥ ይያያዛል። የካቶሊኮሱም ሥራ ይህንኑ ይመስል ነበር፦ የቀረችውን ጥቂት ሳያፈስሱ ለሚመጣው ማስተላለፍ።

፫. ዝምታቸው ፍርሃት ነበርን?

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ካቶሊኮስ ቫዝገን አምላክ የለሹን መንግሥት ፊት ለፊት አልተቃወሙም። እንዲያውም በአደባባይ ያመሰገኑበት ጊዜ አለ። በዚህም ምክንያት በውጭ ያሉ ብዙ አርመኖች አላመኗቸውም። በ1956 በሊባኖስ አንጤሊያስ የሚገኘው የኪልቅያ መንበር ካቶሊኮሱን ሲመርጥ፣ እሳቸው እስከዚያ ድረስ ተጉዘው ቢደክሙም መለያየቱን ማስቀረት አልቻሉም። አንዳንድ አህጉረ ስብከትም ከኤችሚያድዚን ተለይተው በአንጤሊያስ ሥር ሆኑ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከሩቅ ሆነን አንመለከተውም። ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. በደርግ እጅ ተገድለዋል። ታዲያ አንዱ አባት ደሙን ሲያፈስስ ሌላው ከገዥዎች ጋር እየተነጋገረ ቢኖር፣ ሁለተኛውን ፈሪ እንበለው?

በእኔ አስተያየት መመዘኛው ዝምታው የማንን ጥቅም ጠበቀ የሚለው ነው። እረኛ ዝም ያለው ለራሱ ምቾት ከሆነ ምንደኛ ነው፤ ዝም ብሎ በሌሊት በረቱን ከጠገነ ግን ባለ አደራ ነው። ካቶሊኮስ ቫዝገን በዝምታቸው ውስጥ ካህን አሠልጥነዋል፤ የፈረሰ ሠርተዋል፤ የሰማዕታትን ስም እንዳይረሳ በድንጋይ አስቀርጸዋል። ይህ ማለት ግን ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት አይደለም። የቅዳሴ ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ትውልድ ነበረ፤ ያም ጉዳት በአንድ ቀን የሚጠገን አይደለም። የሰማዕቱን ክብር ለሰማዕቱ ሰጥተን የጠባቂውንም ድካም መመስከር እንችላለን። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትፈልጋለችና።

፬. በአዲስ አበባ

በ1963 ካቶሊኮስ ቫዝገን የኪልቅያውን ካቶሊኮስ ኮሬን ቀዳማዊን በኢየሩሳሌም አግኝተው ሰላም አወረዱ። ከዚያም በጥር 1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች ወደ አዲስ አበባ ሲጠሩ ሁለቱም መጡ። ከግብፅ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ፣ ከሶርያ ማር ያዕቆብ 3ኛ፣ ከሕንድ ባስልዮስ አውጌን፣ ከእኛም አቡነ ባስልዮስ ተገኝተዋል። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ሃይማኖት ሳሉ መሪዎቻቸው እንዲህ በአንድነት ሳይሰበሰቡ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር። ጉባኤውም ግንኙነታቸው የሚቀጥልበት ቋሚ ኮሚቴ እንዲቋቋም ወሰነ። ሁለቱ የአርመን መንበሮች አስተዳደራቸው ዛሬም የተለያየ ነው። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ በ1995 የኪልቅያው ካቶሊኮስ ካሬኪን በኤችሚያድዚን የቫዝገንን መንበር ለመውረስ ሲመረጡ፣ የተዘራው ፍቅር ፍሬ ማፍራቱ ታይቷል።

፭. የመጨረሻ ዓመታት

በታኅሣሥ 7 ቀን 1988 ሰሜን አርመንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ስፒታክን አፈራርሶ ቢያንስ 25,000 ሰዎችን ፈጀ። በዚያ ኀዘን ጊዜ ሕዝቡ አጽናኝ ፍለጋ ዓይኑን የጣለው በአረጋዊው ካቶሊኮስ ላይ ነበር። በ1991 አርመን ነጻነቷን ስታውጅ እሳቸው በሕይወት ነበሩ፤ በ1994ም የአርመን ብሔራዊ ጀግና የሚለውን ማዕርግ ከሁሉ በፊት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 18 ቀን፣ 39 ዓመት ገደማ በመንበሩ አገልግለው ዐረፉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ አባት ታሪክ የምንማረው ትዕግሥትን ነው። ሁላችንም ለታላቅ ምስክርነት አንጠራ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዳችን የተረከብነው አንድ አደራ አለ፦ አንዱ ዜማ፣ አንዱ ንባበ ግእዝ፣ አንዱ ታናናሾቹን ማስተማር። ቀኑ ሲጨልም ያንን አለመጣል፣ ሲነጋም ሳይጎድል ማስረከብ ይገባናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ለራስ ተብሎ በሚደረግ ዝምታና ለመንጋው ተብሎ በሚደረግ ዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት በምን እናውቀዋለን?
2. የአስተዳደር ልዩነት ያላቸው ወንድማማቾች በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ምን ይጠቅማል?
3. የእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት የተረከበው አደራ ምንድን ነው? ለማንስ ያስረክባል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።