ያገለገለች ቪትዝ ትገዛ ወይስ ትቅር?
(ምንጭን ስለ ማጣራት ከራጉኤል የተገኘ ትምህርት)

በዜና አጻጻፍ ትምህርት ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ምንጭ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚል መጠየቅ እንዳለብን ነው። ይህን ስንሰማ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የባለሥልጣን መግለጫና ፖለቲካ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ይኸው ትምህርት መርካቶ ውስጥ አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ለመግዛት ሲታሰብ እንዴት እንደሚያገለግል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ራጉኤል አካባቢ ብትን ጨርቅ ይሸጣል። ዕቁብ ደረሰውና "ቪትዝ ልግዛ" አለ። ገንዘቡ ትርፍ ገንዘብ አይደለም፤ ሱቁ ጨርቅ ሲያልቅበት የሚያስገባው፣ ቤት ውስጥም አንድ ነገር ሲጎድል የሚሞላው በእሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "መኪና ጥሩ ነው ወይ?" የሚል ሳይሆን "ሱቁን የሚያቆመው ገንዘብ ወደ መኪና ይዙር ወይ?" የሚል ነበር። "አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ፣ እስቲ አጣሪልኝ" አለኝ። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ መጠየቅ ጀመርኩ።

ትንሽ መኪና ለምን ተወደደች?

አዲስ አበባ ትንሽ መኪና መውደድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። አባቶቻችን ፊያት 600ን "ሴይቼንቶ" እያሉ በታክሲነት ተሳፍረውባታል፤ ቮልስም የስንቱን መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ቤተሰብ አመላልሳለች። ከዚያ ላዳ መጣች። ቪትዝን ደግሞ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረባት፤ ወደ እኛ አገር በብዛት የገባችው ግን ሌላ ሰው ከነዳት በኋላ ነው።

የምትወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጇ ትንሽ ነው፣ ጠባብ ቦታ ትገባለች፣ መለዋወጫዋ ከራጉኤል ብዙ ሳይርቅ ሶማሌ ተራ ይገኛል። የመጨረሻው ነገር ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ዋናው ነው። ስፖኪዮ ወይም ፍሬቻ ሲሰበር ወር ሙሉ ዕቃ የማይጠበቅለት መኪና ሲሸጥም ገዢ አያጣም።

ማን ምን ይላል?

መጀመሪያ ያነጋገርኩት ደላላ ነው። መኪናዋ "ሴት የነዳቻት፣ ከቤት ወደ ቢሮ ብቻ የሄደች" ናት አለኝ። ሁለተኛው ደላላም ስለ ሌላ መኪና ያንኑ ቃል ደገመልኝ። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ካልተሸጠ ኮሚሽን የለም። ሁሉም ይዋሻሉ ማለቴ ሳይሆን "አትግዙ" ብሎ የሚከፈለው ደላላ የለም ማለቴ ነው።

ቀጥሎ መካኒክ ነው። ሻጩ ያመጣው መካኒክ "ሞተሯ አልተነካም" ይላል። ገዢው የወሰደው መካኒክ ደግሞ ጥፋት ካላገኘ የሠራ አይመስለውም። የመለዋወጫ ነጋዴውም ቪትዝን ያወድሳል፤ እሱ የሚኖረው ቪትዝ ስትበዛና ስትሰበር ነው። ስለዚህ ከሦስቱም አንዱን አምኖ መቀመጥ አይቻልም። የሦስቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ ጥቅም በማይነካው ነገር፣ ማለትም በሰነድና በብረት ማስታረቅ ያስፈልጋል።

ሰነድና ብረት

ከሰነድ መጀመሪያ የሚታየው ሊብሬ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። ሻጩ ራሱ ባለቤቱ ነው ወይስ በውክልና የሚሸጥ? ዕዳ ወይም እገዳ አለባት? ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሷ አላለፈባቸውም? ይህን በቃል ሳይሆን በወረቀት ማየት ነው። ብዙ ሰው "ውልና ማስረጃ" የሚለው ቢሮ ሄዶ ሳይፈራረሙና ስም ሳይዞር ሙሉ ክፍያ መስጠት ደግሞ ችግርን በገንዘብ መግዛት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሳ። ታርጋው አዲስ ነው ማለት መኪናዋ አዲስ ናት ማለት አይደለም። ታርጋ የሚናገረው እዚህ አገር መቼ እንደተመዘገበች ነው። የተሠራችበትን ዘመን ለማወቅ ሊብሬውን ማንበብ ግድ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሊመለስ ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቆጣሪው ትንሽ እያሳየ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከላላና የሾፌሩ ወንበር ከጎደጎደ ከቆጣሪው ይልቅ ወንበሩን ማመን ይሻላል። ግጭት የነካው በር በስቱኮ ተሞልቶ ሲቀባ ከሩቅ ያምራል፤ በጣት አንኳኩ፣ ድምፁ ከሌላው በር ይለያል። ጃፓን በግራ በኩል የሚነዳባት አገር በመሆኗ ለዚያ ገበያ የተሠራች ቪትዝ መሪዋ በቀኝ ነው። ስለዚህ መሪው በኋላ ወደ ግራ የተዛወረ መሆን አለመሆኑን፣ ከተዛወረም በንጽሕና መሠራቱን ዳሽቦርዱንና የዝናብ መጥረጊያውን አቅጣጫ አይቶ መጠየቅ ነው።

ሌላም አለ። "1000 ሲሲ ቪትዝ" ሲባል አንድ ዓይነት ሞተር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ትውልድ 997 ሲሲ ሲሆን ባለ አራት ፒስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ 996 ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ ግን ሦስት። ባለ ሦስቱ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተፈጥሮዋ ነው። ታዲያ ሻጭ የታመመ ሞተርን "ተፈጥሮዋ ነው" ሊል ይችላል፤ መካኒክ ደግሞ ጤነኛውን "ታማለች" ሊል ይችላል። የትኛው ሞተር እንደሆነ ያወቀ ገዢ ግን ለሁለቱም መልስ አለው።

ሒሳቡ

ወንድሜ የሚኖርበት ቦታ ከራጉኤል 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል እንበል። ደርሶ መልስ 24፣ በወር 26 የሥራ ቀን ቢሆን 624 ኪሎ ሜትር ነው። በመርካቶ መጨናነቅ አንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ካስኬደ በወር 52 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የድጎማ ማሻሻያው ሲጀመር የቤንዚን ዋጋ በሊትር 47.83 ብር ሆነ፤ በዚያ ዋጋ ወጪው 2,487 ብር ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሊትሩ 101.47 ብር ሲገባ ደግሞ 5,276 ብር ደረሰ። መኪናዋ አልተለወጠችም፣ መንገዱም አልረዘመም፤ በሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ወጪው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ዘይት፣ ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና አለ። ፓርኪንግም አለ፤ ራጉኤል ዙሪያ ደግሞ ጭነት መኪና፣ ጋሪና ተሸካሚ ስለሚሻማ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል ያለውንም መካድ አይገባም። ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ዝናብ ሲዘንብ ቤት የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ይህ በብር አይጻፍም እንጂ ወጪ ነው።

"መኪና ዋጋ አይቀንስም"

ሁሉም ምንጮቼ የተስማሙበት አንድ አባባል ይህ ነው። በብዙ አገር መኪና በየዓመቱ ዋጋዋ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ግን ሰው መኪናን እንደ ባንክ ያያል። ምክንያት አለው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አርጅተው በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ፐርሰንት የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ። የገቡት መኪኖች ዋጋ የወጣው አምረው ሳይሆን በእነዚህ ውሳኔዎች ነው። ውሳኔ ያወጣውን ዋጋ ሌላ ውሳኔ ሊያወርደው ይችላል፤ የኤሌክትሪክ መኪኖችም የታክስ ቅናሽ ተደርጎላቸው ወደ ገበያው ገብተዋል።

ነገር ግን አባባሉ እውነት ቢሆን እንኳ የወንድሜን ጥያቄ አይመልስም። ዶላር ሲወደድ ከውጭ የሚገባ ጨርቅም ይወደዳል። ዋጋ በመጠበቅ ረገድ መኪናውና ጣቃው እኩል ናቸው እንበል። ልዩነቱ ጣቃ እየተሸጠ ቤት ያበላል፣ መኪና ቆሞ ይበላል። ገንዘብ ቢቸግር ከጣቃ አምስት ሜትር ይቆረጣል፤ መኪና በር በሩ እየተፈታ የሚሸጠው ግን ሶማሌ ተራ ነው፣ ያውም ከሞተ በኋላ።

ይህን ቁጭ ብለን ከተነጋገርን በኋላ ወንድሜ ገንዘቡን ለበዓል ገበያ ጨርቅ ማስገቢያ አደረገው፤ ዝናብ ባለባቸው ምሽቶች ኮንትራት ታክሲ ለመያዝ ደግሞ በወር የተወሰነ ብር መደበ። ሒሳቡ ግን ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ሌሊት ተረኛ የሆነች ነርስ ወይም በቀን አምስት ቦታ የሚሄድ የጥገና ባለሙያ በዚሁ ሚዛን ቢመዝኑ "ግዛ" የሚል መልስ ሊያገኙ ይችላሉ። መኪናዋ ለእነሱ ቆማ አትውልም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ከዚህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሁለት ነገር ይተርፋል። አንደኛው፣ ጥቅም ያለው ምንጭ ሁሉ ውሸታም አይደለም፤ ጥቅሙን ካወቅን ቃሉን የት ድረስ መከተል እንዳለብን እናውቃለን። ሁለተኛው ይከብዳል። ምንጮች ሁሉ በአንድ ነገር ሲስማሙ የሚቀረን ጥያቄ "እውነት ነው ወይ?" ብቻ አይደለም፤ "የተጠየቀውን ይመልሳል ወይ?" የሚልም አለ። ደላላው፣ መካኒኩና ነጋዴው መኪና ዋጋ አይቀንስም ሲሉ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የተጠየቀው ግን ሌላ ነበር።