ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ

ከደሃና የመጣ ተማሪ ሁሉ እርከንን ያውቃል። ከካቡ አንዲት ድንጋይ የተናደች እንደ ሆነ የክረምቱ ጎርፍ በዚያችው ገብቶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ስለዚህ ገበሬው ዝናቡ ሳይመጣ ይጠግናል። የኮምፒዩተርም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ ግን እዚህ ጎርፉ ሰው መሆኑና ቀዳዳውን ፈልጎ መምጣቱ ነው።

ሊኑክስን በ1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ኮዱ ለማንም የተገለጠ ነው፤ በእርሱ ላይ የተሠሩት ኡቡንቱና ዴቢያንም ያለ ዋጋ ስለሚገኙ ለተማሪ ይስማማሉ። ታዲያ ኮዱ የተገለጠ ከሆነ ሌባስ አያየውምን? ያየዋል። ጥገናው ራሱ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ይነግረዋል። እንግዲህ ጥገና በወጣበት ቀን የሚጠቀመው የጫነው ሰው ነው፤ ያልጫነው ግን ከትናንት ይልቅ ዛሬ ተጋልጧል።

ምሳሌ እንጥቀስ። ብዙዎቹ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ምስጢር በሚጠብቁበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው ሶፍትዌር ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ቀዳዳ ሁለት ዓመት ያህል ተሰውሮ ኖረ። ጥገናው መጋቢት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ሰሞን ከካናዳ የግብር መሥሪያ ቤት የ900 ያህል ሰዎች መለያ ቁጥር በስድስት ሰዓት ውስጥ ተወሰደ። በነገሩ ተጠርጥሮ የተያዘውም የ19 ዓመት ተማሪ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር የሌለው ኮምፒዩተር ከሩቅ ሌባ ይድናል፤ ዳሩ ግን ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ መስመሩም የተመለሰ ቀን ያ ኮምፒዩተር የወራት ቀዳዳውን ሁሉ ይዞ አደባባይ ይወጣል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ አፕት ኦፍላይን የሚባለውን መሣሪያ መስመር ሳለ አስቀድሞ መጫን ነው። ይህ መሣሪያ የጎደለውን ጥገና ዝርዝር በፍላሽ ይጽፋል። ፍላሹን ወደ ሰቆጣ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ ይወስደዋል፤ መስመር ባለበት ጥገናው ወርዶ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ የጥገናውን ዲጂታል ፊርማ ሲመረምር አልተረጋገጠም ካለ፣ ያመጣው ወዳጅ ቢሆን እንኳ አይጫን። ሦስተኛ፣ ከርነሉ ከተጠገነ በኋላ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚሠራው አሮጌው ነው። አራተኛ፣ ዕድሜውን ማወቅ ነው፤ ረጅም ድጋፍ ያለው ኡቡንቱ መደበኛ ጥገና የሚያገኘው ለአምስት ዓመት ሲሆን፣ የ20.04 ጊዜ በግንቦት 2017 ዓ.ም. አልቋል።

በመጪው ዕረፍት አገር ቤት የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከስንቃችሁ ጋር አንድ ፍላሽ ያዙ። የታናናሾቻችን ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ካቡን የሚጠግንለት ሌላ ማን አለው?