የ«ግሬስላንድ» ጉዞ፦ ከአንድ የሙዚቃ ትርኢት ምን እናስተምራለን?

የሙዚቃ ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን መዝሙር ማስጠናት ብቻ ይመስለናል። አንድ የሙዚቃ ትርኢት ግን ታሪክንም፣ ጂኦግራፊንም፣ ክርክርንም ሊያስተምር ይችላል። ለምሳሌ እንዲሆነን እ.ኤ.አ. በ1987 ከአገር አገር የዞረውን የ«ግሬስላንድ» ትርኢት እንመልከት።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን በ1985 ጆሃንስበርግ ሄዶ ከደቡብ አፍሪካ ሙዚቀኞች ጋር ዘፈን ቀረጸ። «ግሬስላንድ» የተባለው አልበም በ1986 ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሙዚቀኞቹ ጋር ጉዞ ተጀመረ። መድረክ ላይ የታየው ግን አንድ ዓይነት «የአፍሪካ ሙዚቃ» አልነበረም። እያንዳንዱ ስልት የተወለደበት ቤት አለው።

ምባቃንጋ፦ የጥቁሮች ሰፈር የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ጊታርና ቤዝ ጊታር እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ስሙ የመጣው ከበቆሎ ገንፎ ነው፤ የዕለት እንጀራ እንደማለት።

ኢሲካታሚያ፦ ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘፈን ነው። ከገጠር ለሥራ የመጡ የዙሉ ወንዶች በሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ አሳደጉት። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እግራቸውን የሚያነሱት ኮቴ ሳያሰሙ ነው። በጆሴፍ ሻባላላ ይመራ የነበረው የሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ ቡድን ይህን ዘፈን ለዓለም አሰማ።

ጃዝ፦ በትራምፔት ተጫዋቹ ሂዩ ማሴኬላ ቀረበ። ድምፃዊቷ ሚሪያም ማኬባም አብራ ነበረች። ማኬባ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚሁ አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች።

ታዲያ ትርኢቱ ለምን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አልታየም? የአፓርታይድ መንግሥት በ1960 የማኬባን ፓስፖርት ሰርዞ ለእናቷ ቀብር እንኳ እንዳትገባ ከልክሏታል። ማሴኬላም ስደተኛ ነበር። ስለዚህ በየካቲት 1987 የዘፈኑት ጎረቤት አገር፣ ሐራሬ በሚገኘው ሩፋሮ ስታዲየም ነው። በአገራቸው ደጃፍ ቆመው ዘፈኑ ማለት ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይነሳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ1980 አርቲስቶች ደቡብ አፍሪካን እንዲያገልሉ ጠይቆ ነበር። በመሆኑም በሚያዝያ 1987 ትርኢቱ ለንደን ሲደርስ ተቃዋሚዎች ከአዳራሹ ውጭ ተሰለፉ። «ማዕቀብ አንዴ ከተበሳ ይቀደዳል» የሚል ሐሳብ ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ «አፓርታይድ ያፈነውን ሙዚቀኛ እኛም በማዕቀብ እናፍነው እንዴ?» የሚል ነበር።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ማሴኬላ ተማሪ ሳለ የመጀመሪያ ትራምፔቱን ያስገኙለት በትምህርት ቤቱ ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ትሬቨር ሃድልስተን ናቸው። በ1987 ሃድልስተን ትርኢቱን የተቃወመው የብሪታንያ ፀረ አፓርታይድ ንቅናቄ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ማሴኬላ ደግሞ ጉዞውን ደግፎ ትራምፔቱን ይነፋ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት የአንድ ሕዝብ ነፃነት ነው፤ የተለያዩት በመንገዱ ነው።

ማኬባና ማሴኬላ በ1990 አገራቸው ገቡ። የባህል ማዕቀቡም በ1991 መጨረሻ ተነሳ።

እኛ በጉዳዩ ስንከራከር ለሁለት ተከፍለናል፤ እስካሁንም አልተስማማንም። እጩ መምህራን፣ ክፍል ስንገባ መልሱን ቀድመን ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንጻፍ። መጀመሪያ ዘፈኑን እናሰማ። ቀጥለን «ይህን ማን ዘፈነው? የት ሆኖ? አገሩ ለምን አልዘፈነውም?» ብለን እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ይከራከሩ፤ የእኛ ድርሻ ሁለቱም ወገኖች እንዲደመጡ ማድረግ ነው።