«ማን እያባረረህ ነው?»



ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው የጁምዓ ትምህርታችን ስለ ሩጫ ነው። «ሩጫን ከዲን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው አብሮን ይቆይ።

በጭሮ አርባ ዓመቱን የተሻገረ ሰው ማለዳ ቱታ ለብሶ ለሶምሶማ ሲወጣ፣ ከሰላምታ ቀድሞ የሚደርሰው ጥያቄ ነው። «ማን እያባረረህ ነው?» ይሉታል። ባጃጅ ላይ ያለው ይስቃል። ሱቁን የሚከፍተው ለጎረቤቱ ይጠቁማል። ሰውየው የልጆች አባት ነው፤ በሰፈሩም የሚከበር ነው። በማግስቱ ከቤት አይወጣም። እግሩ መሮጥ ይችል ነበር፤ ያስቀረው ሃፍረት ነው። በእህቶቻችን ላይ ደግሞ ይህ ሃፍረት እጥፍ ሆኖ ይከብዳል።

ለመሆኑ ይህ ሃፍረት ከየት መጣ? ከዲናችን እንዳልመጣ የነቢያችን ሕይወት ይመሰክራል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሮጡት ሩጫ

የሙእሚኖች እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) የነገሩን፣ ኢማም አሕመድና አቡ ዳውድ የዘገቡት ታሪክ አለ። እናታችን ዓኢሻ ገና ወጣትና ቀጭን ሳሉ ከነቢዩ ጋር ጉዞ ላይ ነበሩ። ነቢዩ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ወደ ፊት እንዲቀድሙ አዘዙ። ከዚያም ባለቤታቸውን ለሩጫ ውድድር ጋበዟቸው። ሮጡ፤ ዓኢሻ ቀደሙ። ነቢዩም ምንም አላሉም።

ጊዜ አለፈ። እናታችን ሰውነታቸው ሞላ፤ የዚያን ቀኑንም ውድድር ረስተውታል። በሌላ ጉዞ ላይ ነቢዩ እንደገና ሰዎቹን አስቀድመው ዓኢሻን ለውድድር ጠሩ። በዚህኛው ነቢዩ ቀደሙ። እየሳቁም ይሄ የያኔው ብድር መሆኑን ነገሯቸው።

ከዚህ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፣ ዕድሜን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ 53 ዓመታቸው ነበር። እነዚህ ሁለት ሩጫዎች ከዚያ በኋላ የሆኑ ናቸው። የሮጡት ሰው ከሃምሳ ያለፉ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ የሕዝብ መሪና የልጅ ልጆች አያት ናቸው። በመሮጣቸው ክብራቸው ቅንጣት አልጎደለም። እኛ በየትኛው ክብራችን ነው ከሩጫ በላይ የሆንነው?

ሁለተኛ፣ የሰውነት መለወጥን። እናታችን ዓኢሻ ሰውነታቸው መሙላቱን ያለ ምንም እፍረት ራሳቸው ተናገሩ። ነቢዩም «አሁን ወፍረሻል፣ ይቅርብሽ» አላሏቸውም፤ እንደ ቀድሞው ጠሯቸው። ሰውነት በወሊድ፣ በዕድሜ፣ በኑሮ ይለወጣል። መለወጡ የመተው ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሥርዓትን። ሰዎቹ እንዲቀድሙ የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሴት ልጅ በነፃነት የምትንቀሳቀስበት፣ ከሰው ዓይን የራቀ ቦታ ተዘጋጀላት። ባል ለሚስቱ እንዲህ ያለውን ቦታ ማመቻቸቱ ሱና መሆኑን ስንቶቻችን አስበነዋል?

ከባልደረቦችም ሰለማ ኢብኑል አክወዕን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ግመል የዘረፉ ሰዎችን በእግራቸው ሮጠው አሳደዱ። ነቢዩም ከእግረኞች ሁሉ በላጩ እሳቸው መሆናቸውን መሰከሩላቸው። ሲመለሱ አንድ በሩጫ ተቀድሞ የማያውቅ የአንሷር ሰው እስከ መዲና የሚወዳደረው እንዳለ ጠየቀ። ሰለማ ከነቢዩ ፈቃድ ጠይቀው ተወዳደሩ፤ ቀደሙትም። ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ ፈቀዱ እንጂ «ይህ የልጆች ሥራ ነው» አላሉም።

ሰውነት አማና ነው

ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት ያሳልፉ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ሰውነታቸውም ሐቅ እንዳለው አስታወሷቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። እስቲ እናስብ፤ በኢባዳ ብዛት የሰውነትን ሐቅ ማጉደል ካልተወደደ፣ በመቀመጥ ብዛት ማጉደልስ ምን ሊባል ነው?

በሌላ ሐዲስ ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን፣ በሁለቱም ግን መልካም ነገር እንዳለ ተነግሮናል። ዑለሞች ብርታቱ ከሁሉ በፊት የኢማን ብርታት መሆኑን ያስረዳሉ። ይሁን እንጂ ብርቱ ኢማን የሚሠራው በዚሁ ሰውነት ነው። የሚቆመው፣ የሚያጎነብሰው፣ ሱጁድ የሚወርደው እሱ ነው።

አንዳንዱ «አባቶቻችን ሶምሶማ ሳይወጡ ኖረው የለ?» ይላል። እውነት ነው። ግን አባቶቻችን በጨርጨር ተራሮች ቁልቁለት ላይ ማሽላ ሲኮተኩቱ ይውሉ ነበር። በገበያ ቀን ሸክም ይዘው ዳገቱን ይወጡ፣ ይወርዱ ነበር። የእነሱ ስፖርት ኑሯቸው ውስጥ ነበር። ገጠር ያሉ ወገኖቻችን ዛሬም እንደዚያው ናቸው።

የእኛ የከተሜዎቹ ኑሮ ግን ተለውጧል። በጭሮም ሆነ በገለምሶ፣ በበደሳም ሆነ በሂርና፣ ከቤት ወደ ሱቅ በባጃጅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት በባጃጅ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ፤ ከዙህር በኋላ የተቀመጠ ሰው መግሪብ ይደርስበታል። የጫትን ብይን ዑለሞቻችንን ጠይቁ፤ የዛሬው ጉዳያችን መቀመጡ ነው። ቢሆንም ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ እንቅልፍም እንደሚነሳ ሐኪሞች ይነግሩናል። ስኳርና ደም ግፊት ደግሞ በር አንኳኩተው አይገቡም። ብዙው ሰው የሚያውቃቸው ዓይኑ ሲደክም፣ እግሩ ሲደነዝዝ ወይም አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ነው።

ይህን የሚጽፈው ወንድማችሁም ከዚሁ ኑሮ አልወጣም ነበር። የመስጂዱን ደረጃ ወጥቼ ሰፍ ላይ ስቆም ትንፋሼ ቶሎ አይመለስም፤ ፋቲሓን እየቆራረጥኩ እቀራ ነበር። ኢማሙ ሩኩዕ ሲወርዱ እኔ ገና ነበርኩ። ያን ቀን ነው የሰውነቴ ነገር የሶላቴ ነገር መሆኑ የገባኝ።

በወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ ወንድሞችና እናቶች አሉን። ሸሪዓው ለታመመ አግርቶለታል፤ ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ከእነሱ ብዙዎቹ ግን ግንባራቸውን መሬት ላይ ለማሳረፍ እንደሚናፍቁ ይነግሩናል። እኛ ዛሬ የሚታጠፍ ጉልበት አለን። ሳናጣው እንወቀው።

ሀጅን የሚመኝ ሰው ያስብበት

በአካባቢያችን ለሀጅ ዓመታት ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡ ሲሞላ ጉልበቱ ያልቃል። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው መንገድ 450 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰባት ጊዜ ሲኬድ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ በፊት ሰባት ዙር ጠዋፍ አለ። የሚና፣ የዐረፋና የሙዝደሊፋ መንገድ፣ ሙቀቱና ግፊያው ሲጨመርበት ሀጅ የእግር ሥራ ነው። ሰዕዩ ራሱ የእናታችን ሃጀር ሩጫ መታሰቢያ ነው፤ ለሕፃኑ ኢስማዒል ውኃ ፍለጋ የተደረገ ሩጫ። ዛሬም ወንዶች በአረንጓዴ መብራት በተለየው ክፍል ሲደርሱ ሶምሶማ ይላሉ። ለሀጅ ገንዘብ እንደምናጠራቅም ሁሉ ጉልበትም እናጠራቅም።

የጀግኖቹ ሩጫና የእኛ ሩጫ

ሀገራችን በሯጮች የታወቀች ናት። ይህ ዝና ግን አንዳንዴ ያሳስተናል፤ ሩጫ ሜዳሊያ ለሚያመጡት ብቻ የተሰጠ ይመስለናል። በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ወጣ፤ አብዛኛው ተራ ሰው ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሰው በእግሩ የሚንቀሳቀስበት ቀን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀመረ። አዋቂ ሰው በአደባባይ መሮጡ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ከጀግኖቹም የምንማረው አለ። አዳማ የተወለደችው፣ በስደት ለሆላንድ የምትሮጠው እህታችን ሲፋን ሐሰን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደን ማራቶንን የሮጠችው ከዒደል ፊጥር ሁለት ቀን በኋላ ነበር። የመጀመሪያ ማራቶኗ ነው። መሐል መንገድ ላይ ዳሌዋን አመማት፤ ቆማ አፍታታች። የቀደሟት ርቀው ሄዱ። ተነሥታ ደረሰችባቸው፤ አሸነፈችም። የዓለም ጀግና ቆማ ካፍታታች፣ ጀማሪ ሰው ደክሞት ቢቆም ምን ያሳፍራል?

እንዴት እንጀምር?

1. ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስኳሩ በድንገት እንዳይወርድበት ቴምር ወይም ከረሜላ በኪሱ ይያዝ። ደረቱን ያመመው ወይም ያዞረው ወዲያው ያቁም፤ ሐኪም ዘንድም ይሂድ።

2. በእርምጃ ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ 30 ደቂቃ በአምስት ቀን ማለት ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያላችሁ አፈራርቁ። ሶምሶማውን በየሳምንቱ በትንሹ ጨምሩ፤ በመሐል የዕረፍት ቀን ይኑር።

3. ፍጥነታችሁን በዚክር ለኩ። «ሱብሓነላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያላችሁ መሮጥ ከቻላችሁ ልኩ ነው። ቃሉ ከተቆራረጠባችሁ ቀንሱ። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዳገት የበዛባት ከተማ ናት። ዳገቱን መራመድ ነውር የለውም።

4. ጊዜው ከፈጅር በኋላ፣ መሬቱ ሲነጋ ይሁን። በጨለማ ጅብም አለ፣ መኪናም አለ። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው አስፋልት ላይ ጭነት የያዙ አይሱዙዎች ይከንፋሉ፤ የውስጥ መንገድና ሜዳ ይሻላል። አስፋልቱን ካልተዋችሁ መኪናው ከፊት ለፊት በሚታያችሁ በኩል ሩጡ።

5. ወንዶች ቁምጣችሁ ጉልበትን የሚሸፍን ይሁን። ውድ ጫማ ግዴታ አይደለም፤ ከሰልባጅ የተገዛ፣ ሶሉ ያላለቀ፣ ጣት የማይጨብጥ ጫማ ይበቃል።

6. እህቶች ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ሰፊ ልብስ ለብሳችሁ ማለዳ በእርምጃ ጀምሩ፤ ግቢ ውስጥም ይቻላል። ባሎች፣ ለዚያ ግማሽ ሰዓት ልጆቹን ያዙላቸው።

7. ሩጫው ሶላትን አይሻማ። ወደ ሶላት ስንሄድ ደግሞ ኢቃማ ብንሰማ እንኳ በእርጋታ እንድንሄድ ነቢዩ አዘውናል። የምንሮጠው ከመስጂድ ስንወጣ ነው።

ከሁሉ በላይ ጥቂቱን አዘውትሩ። ከሥራዎች ሁሉ አላህ ዘንድ የተወደደው ትንሽ ቢሆንም ዘወትር የሚሠራው መሆኑን ከእናታችን ዓኢሻ ተምረናል። አንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ወር ከሚተኛ ሰው፣ በየማለዳው ሃያ ደቂቃ የሚራመደው ይበልጣል።

ኒያችሁንም አስተካክሉ። የሮጣችሁትን ኪሎ ሜትር በስልክ ለሰው ማሳየት ዓላማ ከሆነ ሪያእ ይገባበታል። «ሶላቴን ቆሜ ልስገድ፣ ቤተሰቤን ላገልግል፣ አማናዬን ልጠብቅ» ብሎ የወጣ ሰው ግን እርምጃው ሁሉ አጅር እንዲሆንለት ተስፋ እናደርጋለን።

ነገ ቅዳሜ ማለዳ ከፈጅር በኋላ ወደ ፍራሽ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ በሩን ክፈቱት። መንገድ ላይ አንዱ «ማን እያባረረህ ነው?» ቢላችሁ አትቀየሙት። ሰላም በሉትና «ማንም አላባረረኝም፣ ና አብረን እንሂድ» በሉት። ምናልባት እሱም የሚጠብቀው የሚጠራውን ሰው ይሆናል።

አላህ ሆይ! ሰውነታችንን፣ ዓይናችንንና ጆሯችንን በጤና ጠብቅልን። የታመሙትን አሽርልን። ጉልበታችንን አንተን በመገዛት የምንጨርሰው አድርገው። ቤትህን ለመጎብኘት የሚመኙትን ከነጉልበታቸው አድርስልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!

ይህን ትምህርት ከአንድ ወዳጃችሁ ጋር ተካፈሉት፤ ነገም አብራችሁ ውጡ።