አድራጊና ተደራጊ ግሥ በሕይወት ታሪክ ድርሰት

የዋግ ኽምራ ደጋ ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ እየቆለቆለ ሄዶ በተከዜ ሸለቆ ያበቃል። «በተከዜ ወንዝ ላይ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠራ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ2009 ተፈጸመ» ብንል፣ ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ጉድለት የለበትም። ዳሩ ግን ማን እንደ ሠራው አይናገርም። ባለቤቱ ግድቡ ነው። ወንዙን የለካው፣ ሒሳቡን ያሰላው፣ ሲሚንቶውን ያቦካው ሰው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም። «ሠራ» አድራጊ፣ «ተሠራ» ተደራጊ፣ «አሠራ» አስደራጊ ግሥ መሆኑን ባለፈው ትምህርት አይታችኋል። ስለ ግድብ ስንጽፍ የተደራጊው ግሥ ጉዳት ያን ያህል አይደለም። ስለ ሰው ሕይወት ስንጽፍ ግን ባለታሪኩን ከገዛ ታሪኩ ሊያስወጣው ይችላል።

አንድ የሰቆጣ ተማሪ ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊት የምሕንድስና ሊቅ ድርሰት እንዲጽፍ ታዝዞ የሚከተለውን አቀረበ እንበል።

«ሶስና ኃይሌ በአዲስ አበባ ተወለደች። ወደ አሜሪካ ተወሰደች። በዚያም ተማረች። ዲግሪ ተሰጣት። ፕሮፌሰር ተባለች። ተሸለመች፤ ተደነቀች። ፈር ቀዳጅ ናት።»

በሬ ጠምዶ ላረሰ የዋግ ልጅ ፈር ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ታዲያ በዚህ ድርሰት ውስጥ የተቀደደው ፈር የት አለ? ሌሎች ለሶስና ሲሰጧት፣ ሲሾሟትና ሲያደንቋት እናያለን፤ እርስዋ ግን ከመማር በቀር ያደረገችው ነገር የለም። («ተማረ» በ«ተ» ቢጀምርም ተደራጊ አለመሆኑን ልብ በሉ። «ተናገረ» እና «ተቀመጠ»ም እንዲሁ ናቸው። በፊደሉ ብቻ የሚፈርድ ተማሪ ይሳሳታል።)

እንግዲህ እውነተኛውን ታሪክ እንመልከት። ሶስና እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግዕዝ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በአገራችን ልማድ «ሶስና ጌታቸው» መባል ሲገባቸው፣ በአሜሪካ ሥርዓት የአያታቸው ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የአባታቸው ቤት በወታደሮች ተከበበ፤ አባታቸውም በጥይት ተመቱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው በእግራቸው አልሄዱም። ቤተ ሰቡም ተሰድዶ በሚኒሶታ ተቀመጠ። «ተከበበ» እና «ተመቱ» የሚሉትን ቃላት ወደ አድራጊ ለመለወጥ አትቸኩሉ። ሰው የሚደርስበትን ነገር ሁሉ ራሱ አያደርገውምና፣ እዚህ ላይ ተደራጊው ግሥ እውነቱን ይናገራል። ስሕተቱ መከራውን በተናገርንበት ግሥ ሥራውንም መናገር ነው።

ሥራው ምን ነበር? ፊዩል ሴል የሚባለው መሣሪያ ሃይድሮጅንንና ኦክሲጅንን ያለ እሳት አዋሕዶ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በመካከሉ ኤሌክትሮላይት የሚባል ንጣፍ አለ። ንጣፉ ፕላስቲክ ሲሆን እርጥበት ስለሚሻ ከውኃ መፍያ ሙቀት እጅግም አያልፍም፤ ሸክላ መሰል ሲሆን ደግሞ ብዙ መቶ ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ሶስና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የቁስ ሳይንስና ምሕንድስና አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1992 የዶክትሬት ዲግሪ ከያዙ በኋላ፣ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ሙቀት መረጡ። ስለዚህም ጉዳይ ተማሪው ድርሰቱን እንዲህ ሊያርመው ይችላል።

«ሶስና በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ስታስተምር ከተማሪዎቿ ጋር ሆና አንድ የሲዝየም ጨው መረመረች። ጨው ይሁን እንጂ የአሲድ ጠባይ አለው፤ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅም የሃይድሮጅን ፕሮቶን በድንገት እንደ ልቡ ይመላለስበታል። ከዚህ ጨው ንጣፍ አበጅታ ፊዩል ሴል ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም ውጤቱን አሳተመች። ነገር ግን በጨው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ሃይድሮጅኑ እየበላ አስቸገራት። ስለዚህ ሰልፌቱን በፎስፌት ለወጠችው። ፎስፌቱም ሲሞቅ ውኃውን እያጣ ስለሚበላሽ፣ በእንፋሎት አረጠበችው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቿ ጋር አስታወቀች።»

መረመረች፣ አበጀች፣ ሠራች፣ ለወጠች፣ አረጠበች። ሽልማት የሚል ቃል አልገባም፤ ቢሆንም ፈሩ ወለል ብሎ ይታያል። በተለይ «አስቸገራት» የሚለውን አስተውሉ። ድካሙን የደበቀ ጸሐፊ የሥራውን ክብደት አብሮ ደብቋል።

አንድ ሌላ ችግር ይቀራል። ከዚህ በላይ «መረጡ» ብለን በአንቱታ ስንጽፍ አክብሮታችንን ገልጸናል፤ ግሡ ግን ሴትነታቸውን ሰወረው። «መሐንዲሱ ለኩ» ቢባል አንባቢው ወንድን ያስባል። «ለካች» ብንል ሴትነቱ ይወጣል፤ ለአንዲት ሊቅ ተገቢ የሆነው አንቱታ ግን ይጎድላል። ሳህለወርቅ ዘውዴ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳሉ «ፕሬዚዳንቷ ገለጹ» ይባል ነበር፤ ስሙ ጾታን፣ ግሡ ክብርን ይይዛል ማለት ነው። ስለዚህ «መሐንዲሷ ለኩ» ማለት ይቻላል። ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ እንግዳነቱ የሰዋስው ሳይሆን የልማድ ይመስለኛል።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ እጇ ሥራ የሚያውቅ አንዲት ሴት ፈልጉ፤ ቤት የምታንጽ፣ እርከን የምትክብ፣ ወይም የምታዋልድ ትሁን። በቤታችሁ ኽምጣኛ የምትናገሩ በኽምጣኛ ጠይቋት፤ መልሷን በአማርኛ ጻፉ። ሥራዋን በአሥራ ሁለት አድራጊ ግሦች፣ የደረሰባትን በሦስት ተደራጊ ግሦች ግለጹ። በመጨረሻም ድርሰቱን በአንቱታ መልሳችሁ ጻፉትና፣ ሴትነቷ በየትኛው ቃል እንደ ቀረ አስምሩበት።